ወይራን ቦንሳይ ማድረግ፦ ከችግኝ ጣቢያ ፕላስቲክ እስከ ጠፍጣፋ ሸክላ

ቦንሳይ ዛፍን በትንሽ ዕቃ ውስጥ አሳጥሮ፣ ያረጀ ትልቅ ዛፍ አስመስሎ የማሳደግ ጥበብ ነው፤ ለመጀመር የጃፓን ጥድ መፈለግ አያስፈልግም። በየችግኝ ጣቢያው በጥቁር ፕላስቲክ እየተተከለ የሚሸጠው የአገራችን ወይራ ለዚህ ሥራ በጣም የተመቸ ዛፍ ነው፤ የደቡብ አፍሪካ ቦንሳይ አሳዳጊዎችም ይህንኑ የዱር ወይራ በስፋት ይሠሩበታል። ቅጠሉ ጠባብ ነው፣ ሲቆረጥ ከአሮጌው ግንድ ላይ ሳይቀር ያቆጠቁጣል፣ የሥር ቆረጣ ይችላል፣ አንድ ቀን ውሃ ቢረሳ አይሞትም። የደጋና የወይና ደጋ ዛፍ ስለሆነ ለአዲስ አበባ፣ ለደሴ ወይም ለጎንደር አየር እንግዳ አይደለም። ሁለት ጠባዩን ግን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል፦ እድገቱ ዝግ ያለ ነው፤ የጠነከረ ቅርንጫፉ ደግሞ ከመታጠፍ ይልቅ መሰበር ይቀናዋል።

እዚህ የተጻፈው አሠራር በየካቲት ተጀምሮ በቀጣዩ ዓመት መጋቢት የሚያልቅ ነው። ጀማሪ ዛፉን የሚያጣው ብዙ ጊዜ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለመጨረስ ሲል ነው። ችግኙን በገዛበት ዕለት ጫፉን ይቆርጣል፣ ሥሩን ያራግፋል፣ ሽቦ ይጠመጥማል፣ ሸክላ ውስጥ ይተክላል። የወይራ ቅጠል ጠንካራ ስለሆነ ጉዳቱን ቶሎ አያሳይም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ደህና መስሎ ይቆይና ባንዴ ይደርቃል። አዲስ ሥር የሚያወጣው ቅጠል ባዘጋጀው ምግብ ነው፤ አዲስ ቅጠል የሚያወጣው ሥር በላከው ውሃ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ያጣ ዛፍ መነሻ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ከላይ ይቆረጣል፣ ዛፉ አገግሞ ዓመቱን ሲያዞር ደግሞ ከታች።

ሌላም ምክንያት አለ። ግንድ የሚወፍረው ሥሩ በሰፊ ዕቃ ውስጥ ሲንሰራፋና ቅርንጫፉ በነፃ ሲያድግ ነው። ጠፍጣፋ ሸክላ ውስጥ የገባ ዛፍ ውፍረቱ እዚያው ቆመ ማለት ይቻላል። እርሳስ የምታክል ችግኝ በቀጥታ ሸክላ ውስጥ ከገባች ከብዙ ዓመት በኋላም ከእርሳስነት ብዙ አትርቅም።

ችግኝ አመራረጥ

ከፊት የተደረደሩትን ቀጥ ያሉ ችግኞች ይለፏቸው፤ እነሱ መሬት ተተክለው ረጅም ዛፍ እንዲሆኑ የተዘጋጁ ናቸው። የሚፈለገው ከኋላ ያለው፣ ገዢ አጥቶ ሦስት አራት ዓመት የቆየው፣ ጫፉን ፍየል የቀነጠሰው፣ ጠመም ያለው፣ ከታች ጀምሮ ቅርንጫፍ ያወጣው ነው። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ሥሩ ፕላስቲኩን ቀዶ መሬት ገብቶ ግንዱ ወፍሮ ይገኛል። ካገኙ ባለቤቱን አስፈቅደው ወደ መሬት የገባውን ሥር በአካፋ ያስቆርጡና እዚያው እየጠጣ አንድ ወር አቆይተው ይውሰዱት። በዕለቱ ነቅሎ መሄድ ውሃ የሚስበውን ሥር አብዛኛውን መሬት ውስጥ ትቶ መሄድ ነው። ከጫካ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይራ መንቀል ግን አይገባም፤ ችግኝ ጣቢያው የሚያስፈልገውን ሁሉ ያቀርባል።

ግንዱ ከአፈሩ አፍ ላይ ሲለካ ቢያንስ 2.5 ሴ.ሜ ውፍረት ይኑረው፤ 4 ሴ.ሜ ከተገኘ ዕድል ነው። ቁመቱ አያሳስብም፣ ይቆረጣል። ከዚያ ላይኛውን አፈር 2 ወይም 3 ሴ.ሜ ያህል በጣት ገለጥ አድርገው ሥሩ ከግንዱ የሚነሳበትን ቦታ ይዩ። ሥሮቹ ቢያንስ በሦስት አቅጣጫ ተዘርግተው ግንዱን እንደ እግር የቆሙለት ዛፍ ያረጀ ይመስላል፤ ከአንድ ጎን ብቻ የወጡለት ግን ምንም ቢደረግ የተጋደመ ነው የሚመስለው። ቅርንጫፍ በሦስት ዓመት ይተካል፣ ግንድ በቆረጣ ይስተካከላል፣ የሥር እግር ግን ከሁሉም ለማረም የሚያስቸግር ስለሆነ ምርጫዎን በዚህ ይጀምሩ። አንድ ሥር ግንዱን ዙሪያውን ተጠምጥሞበት ካዩ ሌላ ችግኝ ይፈልጉ፤ ግንዱ ሲወፍር ያ ሥር ያንቀዋል።

በመጨረሻ ግንዱን ይዘው ቀስ ብለው ያወዛውዙት። ከነአፈሩ የሚንቀሳቀስ ጤነኛ ነው፤ አፈሩ ቆሞ ግንዱ ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ ሥሩ በስብሶ ሊሆን ይችላል።

አፈር

የችግኝ ጣቢያ አፈር፣ በተለይ ዋልካ የበዛበት፣ ለጠፍጣፋ ሸክላ አይሆንም። ሲረጥብ አብጦ አየር ይዘጋል፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል። የቦንሳይ አፈር ጠጠርነት ያለው፣ ውሃ ፈጥኖ የሚያሳልፍ፣ በየጠጠሩ ውስጥ ግን እርጥበት የሚይዝ መሆን አለበት። ሌላ አገር ያሉ አሳዳጊዎች በውድ የሚገዙት የእሳተ ገሞራ ጠጠር በስምጥ ሸለቋችን ምክንያት እኛ ዘንድ የግንባታ ዕቃ ነው። ፑሚስ የሚባለው ቀላልና ነጣ ያለ ጠጠር ብሎኬት ከሚያመርቱ ሰዎች ዘንድ፣ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ ጠጠር ደግሞ ለመንገድና ለግቢ ሙሌት ከሚያቀርቡት ይገኛል። አንድ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ለብዙ ዛፍ ይበቃል።

ድብልቁ በጣሳ ሲሰፈር ይህ ነው፦ 2 ጣሳ ፑሚስ፣ 2 ጣሳ ሬድ አሽ፣ 1 ጣሳ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት። መንፋቱ ከመቀላቀሉ ይበልጥ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ 6 ሚ.ሜ ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይንፉና ከላይ የቀረውን ትልልቅ ጠጠር ለብቻ ያስቀምጡ፤ ያለፈውን እንደገና 2 ወይም 3 ሚ.ሜ ቀዳዳ ባለው ይንፉና ከታች የወረደውን ዱቄት ይጣሉ። ዱቄቱ ከቀረ በጥቂት ወር ውስጥ ወደ ሸክላው ወለል ወርዶ እንደ ጭቃ ይጋገራል፤ «ጥሩ አፈር አድርጌ ለምን በሰበሰ» የሚያሰኘው ይኸው ነው። ጠጠሩን አጥበው ይጠቀሙ። ቆላማና ሞቃት ቦታ ያለ ሰው ኮምፖስቱን ወደ 1 ጣሳ ተኩል ከፍ ማድረግ ይችላል።

30 በ20 ሴ.ሜ ስፋትና 6 ሴ.ሜ ጥልቀት ያለው ሸክላ 3.6 ሊትር ይይዛል፤ በዚህ ልክ ላለ ሸክላ 4 ሊትር ድብልቅ ማዘጋጀት ይበቃል። ለመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልገው ባልዲ ግን ከ10 ሊትር በላይ ይፈልጋል።

የካቲት፦ ሰፊ ዕቃና የግንድ ቆረጣ

ችግኙ እንደመጣ ሥሩ አይነካም። ፕላስቲኩን በምላጭ በጎኑ ሰንጥቀው ይግፈፉና አፈሩ ሳይፈርስ 15 ወይም 20 ሊትር በሚይዝ ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ ያስገቡት። ባልዲው ከታች ስምንት ያህል ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ይበሱለት፤ ዙሪያውን በድብልቁ ይሙሉ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ውሃ ሲያጠጡ ጠጠሩን አልፎ በቀዳዳው ይፈሳል፣ መሀል ያለው የቀድሞ ጭቃ አፈር ግን ደረቅ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ውሃውን ከግንዱ ሥር ቀስ አድርገው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እየደጋገሙ ያፍሱት።

ሥሩ ስላልተነካ ግንዱን በዚያው ሳምንት መቁረጥ ይቻላል። የካቲት የሚመረጠው ቀኑ እየሞቀ፣ የበልግ ዝናብ እየቀረበ ስለሚሄድና ክረምቱ ሳይገባ ለማቆጥቆጥ በቂ ጊዜ ስለሚኖር ነው።

የት ይቆረጥ? የተጠናቀቀ ዛፍ ቁመት ከግንዱ ውፍረት ስድስት እጥፍ ገደማ ሲሆን ዓይን ይቀበለዋል። ግንዱ 3 ሴ.ሜ ከሆነ ዛፉ 18 ወይም 20 ሴ.ሜ ይሆናል ማለት ነው። ቆረጣው ከዚህ ቁመት ከግማሽ በታች ላይ ያርፋል፤ በምሳሌያችን ከአፈሩ 7 ወይም 8 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ፣ ወደ ላይ የሚመራ ቀጭን ቅርንጫፍ ካለበት ቦታ አለፍ ብሎ። ያ ቅርንጫፍ አዲሱ ጫፍ ይሆናል። ከታች ወፍራም፣ ከላይ እየቀጠነ የሚሄድ ግንድ የሚገኘው እንዲህ ነው። አንድ ሜትር ችግኝ 8 ሴ.ሜ ላይ መቁረጥ እጅን ያስፈራል፤ ብዙዎች 40 ሴ.ሜ ላይ ያቆሙና ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነ ዘንግ ይዘው ይቀራሉ።

መጋዙንና መቀሱን በአልኮል ወይም በውሃ በተበረዘ በረኪና ያጥሩ። በመጀመሪያ ቆረጣ ከተፈለገው ቦታ 2 ሴ.ሜ ጉቶ ይተዉና አግድም ይቁረጡ፤ ግንዱ ከቁስሉ ወደ ታች ትንሽ ሊደርቅ ስለሚችል ይህ መጠባበቂያ ነው። ቡቃያዎቹ ወጥተው ሲጠነክሩ ጉቶውን ከአዲሱ ጫፍ ተቃራኒ ወደሆነው ጎን ዘቅዝቆ በመጋዝ ያስተካክሉ፣ ጠርዙን በስለታም ቢላ ይላጉ። የተላገ ቁስል ቅርፊቱ ፈጥኖ ይሸፍነዋል፤ በመጋዝ የተሸረከተው ግን ውሃ እያቆረ ይበሰብሳል። ከሳንቲም የሚሰፋ ቁስል ከሆነ በእጅ አሽተው ያለሰለሱትን ሰም ይለጥፉበት።

ከቆረጣው በታች ምንም ቅርንጫፍ ባይኖርም ወይራ ከባዶ ግንድ ያቆጠቁጣል፤ በሞቃት ወቅት ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠብቁት። በዚህ ጊዜ ዛፉ ቅጠል ስለሌለው ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል። በየቀኑ ማጠጣት ሥሩን ያበሰብሳል፤ ጣትዎ 3 ሴ.ሜ ገብቶ ደረቅ ሲያገኝ ብቻ ያጠጡ።

ቀንበጦቹ ከወጡ በኋላ እስከ መስከረም አይቆርጧቸው። ረጅምና ዝርክርክ ሆነው ሲያድጉ ማየት ያስጠላል፤ ግንዱን የሚያወፍሩት ግን እነሱ ናቸው። የሚነቀሉት ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው፦ ከአንድ ነጥብ ሦስት አራት ሆነው የወጡ (ሁለቱ ይቀራሉ፣ አለዚያ ቦታው ያብጣል) እና ከሥሩ እግር የሚወጡት። ወይራ ከእግሩ ቀንበጥ ማውጣት ልማዱ ነው፤ ከተተዉ ከላይ ላለው የሚሄደውን ጉልበት ይወስዳሉ። ለጋ ሳሉ በጣት ይጎልጉሏቸው።

መስከረም፦ ቅርንጫፍ ምርጫ

ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ፀሐይ ይመለሳል፣ የክረምቱ ቀንበጦች ደግሞ ገና ለጋ ናቸው። የቅርጹ ሥራ ጊዜ ይህ ነው።

መጀመሪያ ፊቱን ይወስኑ። ባልዲውን በዓይን ትክክል ያስቀምጡና እያዞሩ የሥሩ እግር የሰፋበትን፣ ትልቁ ቁስል የማይታይበትን ጎን ይፈልጉ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ይሂዱ። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ከቁመቱ ሲሶ ላይ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው ትንሽ ከፍ ብሎ በተቃራኒው፣ ሦስተኛው ወደ ኋላ። የኋላው ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው፤ እሱ ከሌለ ዛፉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ከታችኛው ሁለት ሦስተኛ ላይ በቀጥታ ወደ ተመልካቹ የሚመጣ ቅርንጫፍ አይተዉ። ከግንዱ መታጠፊያ ውስጠኛ ጎን የወጣም ይቆረጣል፤ ቅርንጫፍ ቦታው ከመታጠፊያው ውጭኛው ጎን ነው።

ወይራ ቅጠሉንም ቅርንጫፉንም ትይዩ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያወጣል። ሁለቱም ከቀሩ ዛፉ መስቀል የቆመ ይመስላልና ከየጥንዱ አንዱን፣ አንድ ጊዜ የግራውን ሌላ ጊዜ የቀኙን እያደረጉ ያስወግዱ። ሲጨርሱ ከነበረው ቅጠል ቢያንስ ግማሹ ዛፉ ላይ ሊኖር ይገባል። ከዚያ በላይ የሚቆረጥ ካለ ለኅዳር ይቆይ።

ሽቦ

ለቦንሳይ ተብሎ የሚሠራ አሉሚኒየም ሽቦ ካጡ የኤሌክትሪክ መዳብ ሽቦ በሚገባ ይሠራል። የሚገዙት ውስጡ አንድ ወጥ መዳብ ያለው ይሁን እንጂ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው አይደለም። በገበያ 1.5፣ 2.5 እና 4 እየተባለ የሚጠራው ቁጥር የመዳቡን ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር የሚናገር ነው፤ ውፍረቱ እንደ ቅደም ተከተሉ 1.4፣ 1.8 እና 2.3 ሚ.ሜ ገደማ ነው። ለመዳብ ሽቦ ከቅርንጫፉ ውፍረት ከሩብ እስከ ሲሶ ይበቃል። 6 ሚ.ሜ ለሚወፍር ቅርንጫፍ 2.5 ቁጥር፣ ለቀጫጭን ጫፎች 1.5 ቁጥር ይውሰዱ። የአጥር ወይም የፌሮ ማሰሪያ ብረት ሽቦ አይጠቀሙ፤ ድርቅ ያለ ነው፣ ይዝጋል፣ ቅርፊት ይበላል።

መዳቡ መጀመሪያ መለስለስ አለበት። ፕላስቲክ ልባሱን በቢላ ገፈው ያውጡ፤ እሳት ላይ አያቃጥሉት፣ ጭሱ መርዛም ነው። ባዶውን መዳብ በልቅ ጠምልለው የከሰል ፍም ላይ ያስቀምጡና ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን አውጥተው ውሃ ውስጥ ይንከሩት። መዳብ እንደ ብረት አይደለም፤ ግሎ ሲነከር አይጠነክርም፣ እንደ ክር ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ሲጠመጠምና ሲታጠፍ ግን ወዲያው ይጠነክራል፤ ቅርጽ የሚይዘውም በዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጠምጥመው አንድ ጊዜ ያጥፉ፤ ደጋግሞ ወዲያ ወዲህ ማለት ቅርንጫፉን ይሰብራል። የተጠቀሙበትን ሽቦ እንደገና ፍም ላይ አለስልሶ መሥራት ይቻላል።

ከመጠምጠሙ በፊት አንድ ቀን ውሃ ይከልክሉት፤ ትንሽ የተጠማ ቅርንጫፍ በቀላሉ ይታጠፋል። የሽቦው ርዝመት ከቅርንጫፉ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። በአንድ ሽቦ ሁለት ተቀራራቢ ቅርንጫፎችን ይያዙ፤ መሀሉ ግንዱን አንድ ጊዜ ተኩል ዞሮ ይሂድ። መያዣ የሌለው ሽቦ ቅርንጫፉን ሳይሆን ራሱን ነው የሚያዞረው። ጥምጥሙ 45 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ፣ ቅርፊቱን የነካ ግን ያልጨመቀ፣ እኩል የተራራቀ ይሁን። ወደ ታች የሚታጠፍ ቅርንጫፍ ከሆነ የመጀመሪያው ዙር በቅርንጫፉ ጀርባ በኩል ይለፍ፤ መታጠፊያው ውጭ ላይ ሽቦ ከሌለው እዚያው ይሰነጠቃል።

ሲያጥፉ ሁለት እጅ ይሥራ፦ በአንዱ አውራ ጣት ከውስጥ ደግፈው በሌላው ቀስ ብለው ይሳቡ። ቅርንጫፉ ከመነሻው ጀምሮ ዝቅ ይበል፤ ከመሀሉ የተጎበጠ ቅርንጫፍ ያረጀ ሳይሆን የተሰበረ ነው የሚመስለው። ደካማ ድምፅ ከሰሙ ያቁሙ፣ ባለበት ይተዉት፣ ስንጥቁን በሰም ይሸፍኑ፤ ብዙ ጊዜ ይድናል። ከአንድ ሴንቲ ሜትር የሚወፍርና የጠነከረ ቅርንጫፍ በሽቦ አይሞከርም። የብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቁራጭ ደልድለው በሲባጎ ወደ ባልዲው ጠርዝ ይሳቡትና በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ያጥብቁ።

ሽቦው በየሁለት ሳምንቱ ይታይ። ቅርፊቱ በሽቦው ግራና ቀኝ ማበጥ ሲጀምር ሥራው አልቋል፣ ቅርንጫፉ ቦታውን ያዘም አልያዘም። እንደገና መጠምጠም ይቻላል፣ የሽቦ ጠባሳ ግን ለብዙ ዓመት አይጠፋም። ለወይራ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ወር ይበቃል፤ በጥር ሁሉም ይውጣ። ሲያወጡ አይፍቱት፣ በየዙሩ በቆራጭ ፒንሳ እየቆረጡ ያንሱት።

መጋቢት፦ ወደ ሸክላ

ክረምት የችግኝ መትከያ ወቅት ነውና ብዙ ሰው ይህንንም ሐምሌ ላይ ይሠራዋል። መሬት ላይ ለሚተከል ችግኝ ልክ ነው። ሥሩ ለተቆረጠ ወይራ ግን የሐምሌና የነሐሴ ቀዝቃዛና የማይደርቅ አፈር መበስበሻው ነው። ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ያለው ሙቀት አዲስ ሥር በሳምንታት ውስጥ ያስወጣል።

የሸክላው ርዝመት ከዛፉ ቁመት ሁለት ሦስተኛ፣ ጥልቀቱ ከግንዱ ውፍረት ጋር ተቀራራቢ ይሁን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ከ5 ሴ.ሜ አይነስ። የአገራችን ሸክላ ሠሪዎች ካዘዟቸው ይሠሩታል። ሲያዙ ሦስት ነገር ያስረዱ፦ ከታች ሁለት ወይም ሦስት 2 ሴ.ሜ የሚሰፉ ቀዳዳዎች፣ ለማሰሪያ ሽቦ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ ውሃው እንዲወጣ ከመሬት ከፍ የሚያደርጉ እግሮች። ቀዳዳው ጭቃው ሳይተኮስ ይበሳ፣ ሲደርቅና ሲተኮስ ስለሚኮማተርም ትንሽ ሰፋ ይበል። ወለሉ ለጥ ያለ መሆኑን በውሃ ይፈትኑ፤ ጎድጎድ ብሎ ውሃ የሚያቁር ከሆነ ይመልሱት።

ዛፉን ከሁለት ቀን በፊት ያጠጡት እንጂ በዕለቱ አያጠጡት። ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በሌለበት ይሥሩ። ከዚያ፦

1. ቀዳዳዎቹን በመስኮት የትንኝ ወንፊት ሽቦ ይሸፍኑና በማሰሪያ ያጥብቁ። ሁለት ረጅም ሽቦ ከታች ወደ ላይ አሳልፈው ጫፋቸውን ወደ ውጭ ያሳዩ።

2. ለብቻ ካስቀመጡት ትልልቅ ጠጠር አንድ ረድፍ ያንጥፉ፣ በላዩ ድብልቁን 1 ሴ.ሜ ያልብሱ፣ ግንዱ በሚቆምበት ቦታ ጉብታ ያድርጉ።

3. ዛፉን ከባልዲው አውጥተው ሥሩን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከግንዱ ወደ ጫፍ አቅጣጫ በሹካ ያበጥሩ። ወደ ታች የሚወርደውን ዋና ሥር ከመጨረሻው የጎን ሥሮች ክብ በታች ይቁረጡ። ከሌላው ሥር ሲሶውን፣ በጣም ጠንካራ ለሆነ ዛፍ እስከ ግማሹን ያሳጥሩ። የሚቆረጠው ወፍራሙ ነው፤ ፀጉር መሰሎቹ ውሃ ሳቢዎች ስለሆኑ ይጠበቃሉ።

4. መሀል ያለውን የቀድሞ ጭቃ አፈር ሁሉንም ዛሬ አያጥቡ። ግማሽ ጎኑን አጽድተው ሌላውን ግማሽ ዛፉ እንደገና ከሸክላው ወጥቶ ሥሩ እስኪቆረጥ ይተዉት። ሥሩ ከ20 ደቂቃ በላይ ተራቁቶ እንዳይቆይ እየረጩ ያርጥቡት።

5. ጉብታው ላይ አስቀምጠው ወዲያ ወዲህ እያዞሩ ይጫኑ፤ ከግንዱ ሥር ባዶ ቦታ እንዳይቀር ነው። ቦታው ከሸክላው መሀል ሳይሆን ወደ አንድ ጎንና ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን፤ ትልቁ ቅርንጫፍ ወደ ሰፊው ጎን ይዘርጋ። የሥሩ እግር ከሸክላው ጠርዝ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል።

6. በሽቦዎቹ ጥብቅ አድርገው ያሥሩት። ዛፉን ሲያነሱ ሸክላው አብሮ ካልተነሳ አልታሰረም። አዲስ ሥር እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ ንፋስ ዛፉን ባወዛወዘው ቁጥር ይበጠሳል።

7. ድብልቁን ይሙሉና በስንጥር በሥሮቹ መሀል ያስገቡ። በእጅ አይጠቅጥቁ። ቀዳዳዎቹ ደቃቅ በሆኑ ማጠጫ፣ ከታች የሚወጣው ውሃ ጠርቶ እስኪታይ ድረስ ያጠጡ።

በዚያ ቀን ከላይ ምንም አይቆረጥም፣ ሽቦም አይጠመጠምም።

ከተተከለ በኋላ

ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ብርሃን ባለው ጥላ፣ ንፋስ በማያገኘው ቦታ ያቆዩት። አዲስ ቀንበጥ ሲታይ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ፀሐይ ያውጡት። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ወይራ የለም። ለእንግዳ አንድ ሁለት ቀን ገብቶ መውጣት ይችላል፤ ኑሮው ግን በየቀኑ ቢያንስ አምስት ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝበት በረንዳ ወይም ግቢ ነው።

ውሃን በሰዓት አይመኑት። ጣት 2 ሴ.ሜ ይግባ፤ እርጥበቱ ሊጠፋ ሲል ያጠጡ፣ ሲያጠጡም ከታች እስኪወጣ። በበጋ ፀሐይ ጠፍጣፋ ሸክላ በየቀኑ ሊፈልግ ይችላል፤ ሸክላው ራሱም ውሃ ስለሚመጥ ከፕላስቲክ ዕቃ ይፈጥናል። በክረምት ችግሩ ይገለበጣል። ዝናብ በተከታታይ ሲጥል ከሸክላው አንድ ጎን ሥር ሽብልቅ ወይም ድንጋይ አስገብተው ያዘንብሉት፤ የቆመው ውሃ በቀዳዳው ይወጣል። በረዶ ያዘለ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያ ሥር ያስገቡት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ሰፈር ሌሊቱን ግድግዳ ተጠግቶ ይደር።

ማዳበሪያ ለስድስት ሳምንት አይሰጥ፤ የተቆረጠ ሥርን ያቃጥላል። ከዚያ በኋላ የበሰለ ኮምፖስት በላዩ መነስነስ ወይም በየሁለት ሳምንቱ 1 ግራም ዩሪያ በ2 ሊትር ውሃ አሟሙቶ እርጥብ አፈር ላይ ማፍሰስ ይቻላል። የዩሪያ ፍሬ በቀጥታ ሸክላው ውስጥ የጣለ ሰው በሳምንት ውስጥ ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ሲያርር ያያል።

ቀንበጡ ስድስት ወይም ስምንት ጥንድ ቅጠል እስኪያወጣ ይተዉና ወደ ሁለት ጥንድ ይቁረጡት። ከቀረው ጥንድ መነሻ ሁለት አዲስ ቀንበጥ ስለሚወጣ እያንዳንዱ ቆረጣ አንድ ባላ ይፈጥራል፤ ባላው ሲበዛ ቅጠሉ እያነሰ ይሄዳል። አዲስ የወጣውን ሁሉ በየቀኑ መቀንጠስ ግን ዛፉን ያደክማል።

አሮጌ የውስጥ ቅጠል ጥቂት በጥቂት ቢጫ ሆኖ ቢረግፍ የተለመደ ነው። ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ግን ውሃ በዝቷል፤ ቀዳዳው መዘጋቱን ይዩ፣ ሸክላውን ያዘንብሉ፣ ማጠጣቱን ያቁሙ። ቅጠል በሙሉ የረገፈበት ዛፍ ሞቷል ብሎ ከመጣል በፊት ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ ያድርጉት፤ ከሥር አረንጓዴ ከሆነ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው ሁለት ወር ይጠብቁት። ቅጠሉ ጥላሸት የተቀባ ከመሰለና ጉንዳን ግንዱን ከተመላለሰ፣ ከቅጠሉ ጀርባና ከቀንበጡ ላይ የተጣበቁ ቡናማ ቅርፊት መሳይ ነፍሳትን ይፈልጉ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ (በ1 ሊትር 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና) ፈግፍገው ያስወግዱ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ እያደረጉ ሦስት ጊዜ ይድገሙት።

ውሃ ሲያጠጡ ላዩ ላይ ቆሞ መስረግ ሲያቅተው ወይም ዛፉ ከሸክላው ከፍ ከፍ ሲል ሥሩ ሞልቷል። ወጣት ወይራ በየሁለት ዓመቱ፣ በዚያው በመጋቢት፣ ከሸክላው ወጥቶ ሥሩ ይቆረጣል፤ ባለፈው የቀረው ግማሽ ጭቃም ያን ጊዜ ይወገዳል።

ይህን አሠራር ወደ ሌላ ተክል እንዳለ መውሰድ አደጋ አለው። የሐበሻ ጽድ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት አያቆጠቁጥም፤ በየቅርንጫፉ አረንጓዴ ሳይተዉ አይቁረጡት። በየአጥሩ የሚገኘው ፋይከስ ቤንጃሚና ግንዱ ፈጥኖ ይወፍራል፣ ግን ቅጠል ያልቀረለት ቅርንጫፉ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይደርቃል። ቡገንቪሊያ ደግሞ ከላይ የፈለጉትን ያህል ቢቆረጥ ይመለሳል፤ ሥሩ ግን ተሰባሪ ስለሆነ በሹካ አይበጠርም፣ የታችኛው አፈር ብቻ ከነሥሩ በመጋዝ ተቆርጦ ወደ ሸክላው ይገባል።